መድኃኒቱ ከማሳችሁ እንዳይሻገር፦ የጀርባ መርጫ ለሚያዝሉ የወሎ ገበሬዎች ዝርዝር መመሪያ

«ነፋስ እኮ አልነበረም!»

የጎረቤት ማሾ ቅጠሉን ጠቅልሎ፣ ግንዱን አጣሞ ሲገኝ መጀመሪያ የሚሰማው ይህ ነው። የሚናገረው ሰውም አይዋሽም። ንጋት ላይ ተነሥቶ፣ ቅጠል የማይነቃነቅበትን ሰዓት መርጦ፣ ማሽላው ላይ ቱፎርዲ የተባለውን ፀረ አረም ረጭቶ ገብቷል። ያጠፋው ያ ጸጥታ መሆኑን ግን የነገረው የለም።

ይህ መመሪያ 16 ወይም 20 ሊትር የሚይዝ የጀርባ መርጫ ይዞ አንድ ሁለት ጥማድ ለሚረጭ ሰው ነው። በእኛ አገር ማሳን ከማሳ የሚለየው የወሰን ሣር ብቻ ስለሆነ፣ አምስት ሜትር የተሳሳተ ሰው የሰው ሰብል ውስጥ ገብቷል። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሂዱባቸው። አብዛኛው ሥራ መድኃኒቱ ከመበጥበጡ በፊት የሚያልቅ ነው።

## መድኃኒት እንዴት ይሻገራል

ከኖዝል (መድኃኒቱን ከሚተፋው የመርጫው ጫፍ) የሚወጣው ጠብታ ሁሉ እኩል አይደለም። የሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ የሚያክለው ጠብታ ከግማሽ ሜትር ከፍታ መሬት ለመድረስ አንድ ሰከንድ አይሞላበትም። አንድ አሥረኛ የሚያክለው ሁለት ሰከንድ ያህል ይፈልጋል፤ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነፋስ በዚያ ጊዜ ውስጥ 5 ሜትር ገደማ ይወስደዋል። የዚያም ግማሽ የሆነው ጉም መሳዩ ጠብታ ወደ ሰባት ሰከንድ አየር ላይ ይቆያል፤ 18 ሜትር ያህል ይርቃል። ዘንጉን ወደ አንድ ሜትር ካነሣችሁት ርቀቱ በእጥፍ ይጨምራል። በቆላ ሙቀት ደግሞ ውሃው በመንገድ ላይ ስለሚተን ጠብታው ይበልጥ እያነሰ ይሄዳል።

እንግዲህ በእጃችሁ ያሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ጠብታውን ማወፈር፣ ዘንጉን ዝቅ ማድረግ፣ ሰዓቱን መምረጥ። የቀረው ሁሉ ከእነዚህ የሚመጣ ነው።

## ደረጃ 1፦ ከሁለት ቀን በፊት ወሰኑን ዙሩ

በእግራችሁ ዙሩ። በአራቱም አቅጣጫ ምን እንዳለ ያዙ።

ቱፎርዲ የምትረጩ ከሆነ አስጊዎቹ ቅጠለ ሰፊዎቹ ናቸው፦ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ፓፓያ፣ ማሾ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ኑግ፣ ጫት። ጃማና ወረኢሉ ላይ ስንዴው ከባቄላና ከምስር ጎን ይዘራል፤ ቃሉና ሐርቡ ላይ ማሽላው ከማሾ ጎን፤ ሐይቅ ዙሪያና መርሳ ላይ ደግሞ ጤፍና በቆሎው ከፍራፍሬ ጋር ተያይዟል። ጎረቤት ያለው ጤፍ ወይም ስንዴ ከሆነ የቱፎርዲ ስጋቱ ይቀላል፤ ራውንድ አፕ የሚባለው ፀረ አረም ግን ሁሉንም ያደርቃል።

ፀረ ተባይ ከሆነ የምትፈሩት ንብን፣ ዓሣን፣ ከብትንና ሰውን ነው። ካራቴና መሰሎቹ ለንብም ለዓሣም እጅግ አደገኛ ናቸው። ማሳችሁ ከሐይቅ፣ ከአርዲቦ፣ ከቦርከና፣ ከሚሌ፣ ከጎሊና ወይም ከአላውሃ ዳር ከሆነ መለያ ወረቀቱ ላይ ከውሃ ምን ያህል ራቁ እንደሚል አስቀድማችሁ አንብቡ።

ከዚያ ተናገሩ። ቀፎ ያለውን ሰው ከሁለት ቀን በፊት፣ ወሰንተኛውን ደግሞ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት። «ነገ ጠዋት ማሽላው ላይ ፀረ አረም እረጫለሁ፤ ከብቶቹን በዚህ በኩል አታሰማራ፤ የወሰኑንም ሣር አትጨድ» ማለት ይበቃል። ብዙ ቤት የሚነካ ከሆነ ለቅሬው ጸሐፊ ብትነግሩት ወሬው ከእናንተ ቀድሞ ይደርሳል። ያልተነገረው ጎረቤት ትንሽ ነገር ባየ ቁጥር የእናንተ መድኃኒት ነው ማለቱ አይቀርም።

ማስጠንቀቂያ፦ ቱፎርዲ ስትገዙ መለያውን እዩ። «አሚን» የሚለውን ምረጡ። «ኤስተር» የሚባለው በሙቀት ይተናል፤ ቅጠል ላይ በትክክል አርፎ እንኳ ከሰዓታት በኋላ በትነት መልክ ተነሥቶ ሊሄድ ይችላል። ያለ መለያ፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀንሶ የሚሸጥ መድኃኒት አትግዙ።

## ደረጃ 2፦ መርጫውን በውሃ ብቻ ፈትኑት

ንጹሕ ውሃ ሙሉና ርጩ። የምታዩት እነዚህን ነው፦

1. ክዳኑ፣ ቱቦው፣ የእጅ መክፈቻው ላይ የሚያንጠባጥብ ነገር አለ? ካለ ጎሚኒውን ቀይሩ። በላስቲክ ማሰር መድኃኒቱን ወደ ጀርባችሁ ያዞረዋል እንጂ አያቆመውም።
2. መክፈቻውን ስትለቁት ወዲያው ይቆማል? የማይቆም ከሆነ ወሰን ላይ ስትዞሩ የጎረቤትን እየረጫችሁ ትዞራላችሁ።
3. ማጣሪያዎቹ አሉ? አንዱ አፉ ላይ፣ አንዱ መክፈቻው ውስጥ፣ አንዱ ከኖዝሉ ኋላ። «ውሃ አላሳልፍ አለ» ተብሎ የተጣለ ማጣሪያ ኖዝሉን ይደፍናል፤ የተደፈነ ኖዝል ደግሞ ግማሹን ጉም አድርጎ ይተፋል።

ለፀረ አረም የተለየ መርጫ ቢኖራችሁ በጣም ጥሩ ነው። ቱፎርዲ የያዘ መርጫ ሦስት ጊዜ ታጥቦም ቲማቲም ላይ አይታመንም። አንዱን ቀይ ቀለም ቀቡት፣ ለአረም ብቻ ይሁን። የግዢው ገንዘብ ከሌለ ከጎረቤት ጋር በጋራ አንድ የአረም መርጫ መያዝ ይቻላል።

በሞተር የሚነፋ መርጫ ፀረ አረም በጭራሽ አትርጩ። ጠብታውን ጉም ያደርገዋል፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደሚያርፍ የምታውቁት ነገር የለም።

## ደረጃ 3፦ ኖዝሉን ቀይሩ

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ከመርጫው ጋር የሚመጣው ናስ ወይም ፕላስቲክ ኖዝል በአብዛኛው ክብ ቀለበት ሠርቶ የሚተፋው ዓይነት ነው፤ ጫፉን በማዞርም ከቀጭን ፈሳሽ ወደ ጉም ይለወጣል። ይህ ኖዝል ለፀረ ተባይና ለፀረ ፈንገስ ይሆናል፤ ቅጠሉን ከላይም ከታችም ስለሚያርስ ቲማቲምና ሽንኩርት ላይ ጥሩ ነው። ለፀረ አረም ግን አይሆንም። ጠብታው ደቃቅ ነው።

ለፀረ አረም የሚያስፈልጋችሁ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ የሚረጨው ጠፍጣፋ ኖዝል ነው። በቀለሙ ለዩት፤ ቀለሙ ጌጥ ሳይሆን ልክ ነው። በዓለም አቀፉ ደረጃ ቢጫው (02) በ3 ባር ግፊት በደቂቃ 0.8 ሊትር፣ ሰማያዊው (03) 1.2 ሊትር፣ ቀዩ (04) 1.6 ሊትር ያወጣል። ቁጥሩ ሲጨምር ጠብታው ይወፍራል። ለቱፎርዲ ሰማያዊውን ምረጡ። አየር እየሳበ የሚረጭ፣ ጎኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ዓይነት ካገኛችሁ ከሁሉም ይሻላል።

ግፊቱንም ቀንሱ። ጠብታን የሚያደቅቀው ብርቱ ግፊት ነው። ብዙ ሰው «ኃይል ይኑረው» እያለ ማንሻውን ያለ እረፍት ይደበድበዋል፤ ውጤቱ ጉም ነው። በዝግታና በእኩል ምት ግፉ። ማራገቢያው ሙሉ ሆኖ እንደተዘረጋ ከቆየ በቂ ነው፤ ጫፎቹ ወደ ውስጥ ከተሰበሰቡ ግፊቱ አንሷል። ግፊት የሚቆጣጠር ትንሽ ቫልቭ መክፈቻው ላይ ማስገባት ይቻላል። ካገኛችሁ ለፀረ አረም የ1.5 ባሩን ግዙ።

አታድርጉ፦ የተደፈነ ኖዝል በሽቦ፣ በመርፌ ወይም በሚስማር አትውጉ። ቀዳዳው ይሰፋል፣ ይጣመማል፣ ልኩ ይጠፋል። በአፋችሁም አትንፉበት። በውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉት። ትርፍ ኖዝል በኪሳችሁ ይኑር።

ከሰብል ረድፍ መካከል ራውንድ አፕ ለሚረጭ ሰው አንድ ዘዴ አለ፦ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ታቹን ቆርጣችሁ ኖዝሉን በአፉ በኩል አስገቡበትና እንደ ጃንጥላ ድፉበት። ጠብታው ከጀሪካኑ ሥር አይወጣም። ያ ጀሪካን ከዚያ በኋላ ቤት አይገባም።

## ደረጃ 4፦ ልኩን አውጡ

በማሳው ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ለኩና በችካል ምልክት አድርጉ። በውሃ ብቻ፣ በተለመደው እርምጃችሁ ርጩት። በሰከንድ አንድ ሜትር፣ ማለት በደቂቃ 60 ሜትር፣ ጥሩ እርምጃ ነው። ምን ያህል ውሃ እንደሄደ ለኩ።

2 ሊትር ከወሰደ ለሄክታር 200 ሊትር፣ ለአንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) 50 ሊትር ትጠቀማላችሁ ማለት ነው። በ20 ሊትር መርጫ ሁለት ታንክ ተኩል ይሆናል። መለያው ለሄክታር 1 ሊትር የሚል ከሆነ ለጥማድ 250 ሚሊ ሊትር፣ ለ20 ሊትር ታንክ 100፣ ለ16 ሊትር ታንክ 80 ሚሊ ሊትር ይገባል። በቡሽ ወይም በቡና ሲኒ አትለኩ። በሐኪም መርፌ ወይም በመለኪያ ኩባያ ለኩ፤ ለዚህ ብቻ ይዋል።

መሻገሩን በዓይናችሁ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ በጣም ንጹሕ በሆነ መርጫ ይህን ሞክሩ፦ ቀይ ሥር ቀቅሉ፣ ውሃውን በጨርቅ አጥሩና ታንክ ውስጥ ጨምሩ። ነጭ ወረቀት በጠጠር አስይዛችሁ ነፋሱ በሚሄድበት በኩል በ1፣ በ3፣ በ5 እና በ10 ሜትር አስቀምጡ። መጀመሪያ በድሮው ኖዝልና ዘንጉን ወገብ ላይ አድርጋችሁ፣ ቀጥሎ በአዲሱ ኖዝልና ዘንጉን ዝቅ አድርጋችሁ ርጩ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስተያዩ። ለጅጌ የመጡ ጎረቤቶች ባሉበት ብታደርጉት ደግሞ ምክሩን ለሁሉም ያዳርሳል።

## ደረጃ 5፦ ሰዓቱን ምረጡ

ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል መሬት ትቀዘቅዛለች፤ ከመሬት አጠገብ ያለው አየርም አብሮ ይቀዘቅዛል። ከላይ ያለው ሞቅ ያለ አየር እንደ ክዳን ይገጠምበታል። በዚህ ጊዜ ነፋስ የለም፤ ቅጠል አይንቀሳቀስም። የረጫችሁት ጉም ግን አይበተንም፣ አይወርድም፤ ከክዳኑ ሥር ተንጠልጥሎ ይቆያልና ቀዝቃዛው አየር ከተራራው ወደ ሸለቆው ሲንሸራተት አብሮ ይሄዳል። ነፋስ ባለበት አሥር ሜትር የሚሄደው መድኃኒት በዚህ ጸጥታ መቶዎች ሜትር ሊሄድ ይችላል። በቆቦና ጊራና ሸለቆ፣ በቦርከና ሜዳ፣ በየተራራው ሥር ይህ የተለመደ ነው። የመስኖ ሽንኩርት በሚረጭበት ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ሌሊቱ ጥርት ያለ ስለሆነ ይብሳል።

ይህን መለየት ቀላል ነው። ኩበት ለኩሱና ጭሱን እዩ።

- ጭሱ ትንሽ ከፍ ብሎ እንደ ጣሪያ ተዘርግቶ ከቆመ፣ ወይም መሬት ለመሬት እየተጎተተ ከሄደ፦ አትርጩ።
- ጭሱ እየተበተነ፣ በአንድ አቅጣጫ እያጋደለ ከወጣ፦ መርጨት ይቻላል።
- ሜዳው ላይ ጉም ከተኛ፣ ጤዛው ገና ካልረገፈ፣ የሩቅ ድምፅ ቅርብ መስሎ ከተሰማ፦ ጠብቁ።

ፀሐይ ከወጣች በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆዩ። የምትቆጥሩት ግን ፀሐዩ ማሳችሁን ከነካበት ጊዜ ጀምሮ ነው። በዞብል ተራራ ጥላ ሥር ያለ ማሳ ፀሐይ የሚያየው ዘግይቶ ነው፤ ሰማዩ ስለበራ ብቻ አትጀምሩ። ባመዛኙ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ወይም 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያለው ጥሩ ነው። በቆላው ሙቀቱ 28 ዲግሪ ሲያልፍ አቁሙ። ጃማ፣ ወረኢሉና ለጋምቦ ላይ ሙቀቱ አያስቸግርም፤ እዚያ ሥራ የሚያስቆመው ነፋሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ያለችው ጊዜ ደግሞ ሁለተኛዋ ናት። ጀንበር ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት አቁሙ፤ ክዳኑ መገጠም የሚጀምረው ያኔ ነው።

ንብ ካለ ነገሩ ይጠብቃል። ንብ ጠዋት አበባ ላይ ስለምትውል አበባ የያዘ ሰብል ላይ ወይም አጠገቡ ፀረ ተባይ አትርጩ፤ ግድ ከሆነ ከ10 እስከ 11 ሰዓት ያለችውን ሁለተኛዋን ጊዜ ተጠቀሙ። በመስከረምና በጥቅምት የወሰኑ መችና አደይ ሲያብብ ንቧ ማሳችሁ ውስጥ ባትኖርም ወሰኑ ላይ አለች። ባለ ቀፎው ማታውኑ የቀፎውን አፍ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ፣ አየር እንዲያገኝ አድርጎ ለጥቂት ሰዓት ማቆየት ይችላል። ቀኑን ሙሉ ግን አይዘጋም፤ በሙቀት ያልቃሉ።

## ደረጃ 6፦ ነፋሱን ለኩ

ከፌስታል አንድ ክንድ የሚሆን ቀጭን ቅዳጅ ቆርጣችሁ በሰብሉ ከፍታ ልክ በተተከለ እንጨት ላይ እሰሩ። ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ በወሰኑ ላይ።

- ፌስታሉ ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል፦ ወደ ደረጃ 5 ተመልሳችሁ ጭሱን እዩ።
- ፌስታሉ ያጋድላል፣ ፊታችሁ ላይ ነፋስ ይሰማችኋል፣ ቅጠል ይንሾካሾካል፦ በሰዓት እስከ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ርጩ።
- ፌስታሉ ተዘርግቶ ይርገበገባል፣ ቀጫጭን ቅርንጫፍ ሳያቋርጥ ይነቃነቃል፦ 12 ኪሎ ሜትር አልፏል። ፀረ አረም አቁሙ።
- አቧራ ይነሣል፦ ወደ ቤት።

አቅጣጫውን በየታንኩ አዲስ አድርጋችሁ እዩ። በተራራማ አገር ሌሊትና ማለዳ አየሩ ከደጋ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው ደግሞ ተገልብጦ ሽቅብ ይወጣል። ይህ የሚገለበጠው ብዙ ጊዜ እናንተ በምትረጩበት ሰዓት ነው። እኔ ይህን የተማርኩት በአጎቴ ፓፓያ ነው። ስጀምር ነፋሱ ከፓፓያው ወደ እኔ ነበር፤ ሦስተኛው ታንክ ላይ ተገልብጦ ነበር፤ ቀና ብዬ አላየሁም። ዛሬም ስንገናኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ነፋሱ ነው።

## ደረጃ 7፦ ልብሳችሁንና ድብልቁን አዘጋጁ

በሽርጥ አትርጩ። ረጅም ሱሪ ከቦቲው ውጭ፣ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ፣ የጎማ ጓንት፣ መነጽር፣ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ። ነጠላ ወይም ሻሽ ፊት ላይ መጠምጠም መድኃኒቱን መጥጦ አፍንጫ ላይ ያቆየዋል፤ ከምንም አይሻልም። ጫት እየቃሙ መርጨት ደግሞ መድኃኒቱን በእጅ ወደ አፍ ማድረስ ነው። ምርቃናው ይቅርባችሁ፣ ሲጨርሱ ይደረሳል።

ታንኩን እስከ ግማሽ ውሃ ሙሉ፣ የተለካውን መድኃኒት ጨምሩ፣ አማስሉ፣ ቀሪውን ውሃ ሙሉ። በእንጨት አማስሉ እንጂ በእጅ አይሆንም። «እንዲጣበቅ» ተብሎ ኦሞ የሚጨምሩ አሉ። ሳሙና ጠብታውን ያደቅቀዋል፤ ለመሻገር መንገድ ታበጁለታላችሁ። መለያው ካላዘዘ ምንም አትጨምሩ።

## ደረጃ 8፦ እንዲህ ርጩ

1. ነፋሱ ከሚሄድበት ጫፍ ጀምሩ። ማለት ነፋሱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከሆነ በምዕራቡ ጫፍ።
2. ነፋሱን በጎናችሁ አድርጋችሁ አቋርጡት። ፊት ለፊት አትግጠሙት።
3. እያንዳንዱን አዲስ መስመር ነፋሱ ወደሚመጣበት አንድ እርምጃ ወስዳችሁ ጀምሩ። እንዲህ ከሆነ የረጫችሁት ሁልጊዜ ከእናንተ ይርቃል፤ በረጠበው ሰብል ውስጥም አትመላለሱም።
4. ኖዝሉ ከአረሙ ጫፍ ግማሽ ሜትር፣ ጉልበት አካባቢ ይሁን። ከወገብ በላይ አይነሣ።
5. ዘንጉን ግራና ቀኝ አታወናጭፉ። ማራገቢያውን አንድ ቦታ ላይ አጽንታችሁ ተራመዱ። ሲወናጨፍ ጫፉ ሽቅብ ይወጣል፣ ልኩም አንዱ ጋ እጥፍ አንዱ ጋ ባዶ ይሆናል።
6. ጫፍ ላይ ስትደርሱ መክፈቻውን ልቀቁ፣ ከዚያ ዙሩ።

ማሽላው ከጉልበት ካለፈ ቱፎርዲ ለሰብሉም አይስማማውም፤ ዘንጉንም ከፍ ታደርጋላችሁ። ያኔ አረሙን በእጅ ማውጣት ይሻላል።

## ደረጃ 9፦ የወሰኑን ዳር ለይታችሁ ያዙት

ነፋሱ ወደ ጎረቤት የሚሄድበትን ጫፍ 5 ሜትር ሳትረጩ ተዉት። ጎረቤት ያለው ቲማቲም ወይም ፓፓያ ከሆነ 10 ሜትር ተዉ፤ መለያው ከዚህ የበለጠ ካዘዘ የመለያውን ያዙ።

«መሬቴ ያንሰኛል» የሚል አይጠፋም። 50 ሜትር በ50 ሜትር በሆነች ጥማድ ላይ የ5 ሜትር ዳር አንድ አሥረኛ ናት። ያችን በእጅ ማረም የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አለበለዚያ ነፋሱ ከጎረቤት ወደ እናንተ የሚመጣበትን ሌላ ቀን ጠብቃችሁ ያችን ብቻ ርጩ፤ በተራራ ሥር ያለ ሰው ይህን ዕድል በሳምንት ውስጥ ያገኛል።

ወሰን ላይ ሰስባኒያ ወይም ቅንጭብ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ጠብታውን ይይዝለታል። አየር የሚያሳልፍ አጥር ከድፍን ግንብ ይሻላል፤ ድፍኑ ላይ ነፋሱ ተንከባሎ ያልፋል። ነገር ግን የያዘውን መድኃኒት ቅጠሉ ላይ ስለሚያኖረው ያንን ሰስባኒያ ለከብት አትጨዱ። የወሰኑም ሣር እንዲሁ ነው፤ መለያው የሚለው ቀን ሳይሞላ የታጨደ ሣር ወተት ውስጥ ይገባል።

## ደረጃ 10፦ ስትጨርሱ

የቀረውን ድብልቅ በዚያው በተረጨው ማሳ ላይ በስሱ ጨርሱት። ታንኩን ሦስት ጊዜ እጠቡ፤ እጣቢውንም ማሳው ላይ ርጩ። ወንዝ ዳር፣ ቦይ ላይ፣ ምንጭ አጠገብ አትጠቡ። ባዶውን ዕቃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁና ብሱት፤ ቤት ገብቶ ዘይት ወይም ጠላ እንዳይያዝበት። ልብሱን ከቤተሰቡ ልብስ ለይታችሁ እጠቡ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመድኃኒቱን ስም፣ ልኩንና የነፋሱን አቅጣጫ ደብተር ላይ ጻፉ። ክስ ከመጣ ሽማግሌ ፊት የሚናገርላችሁ ይህ ደብተር ነው።

## መሃል ላይ ሲበላሽ

ነፋሱ ድንገት ከተነሣ፦ መክፈቻውን ልቀቁ፣ የቆማችሁበትን በችካል ምልክት አድርጉ፣ መርጫውን ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። «ይቺን ታንክ ብቻ» አትበሉ። ብዙ ጉዳት የሚደርሰው በመጨረሻዋ ታንክ ነው። ድብልቁን ለዕለቱ ማቆየት ይቻላል፤ ነፋሱ ከቀትር በኋላ በ10 ሰዓት ገደማ ከበረደ አማስላችሁ ቀጥሉ። ቦይ ውስጥ አታፍስሱት።

ነፋሱ ወደ ጎረቤት ከዞረ፦ በዚያ በኩል ያለውን ተዉና ወደ ሌላው ጫፍ ሂዱ፤ ደረጃ 8ን ከአዲሱ አቅጣጫ እንደገና ጀምሩ።

ማራገቢያው በአንድ በኩል ከተቆራረጠ፦ ኖዝሉ ተደፍኗል። ግፊቱን አስወጡ፣ ትርፉን ግጠሙ፣ የተደፈነውን ቤት ወስዳችሁ አጽዱ።

ድብልቁ ቀድሞ ካለቀ፦ ወይ እርምጃችሁ ዘግይቷል፣ ወይ የኖዝሉ ቀዳዳ ሰፍቷል። በደቂቃ የሚያወጣውን በጆግ ለኩ፤ በዚያው ግፊት አዲሱ ከሚያወጣው ከአንድ አሥረኛ በላይ ከጨመረ ጣሉት።

ሰው ላይ ካረፈ፦ ልብሱን አውልቁ፣ ቆዳውን በሳሙና፣ ዓይኑን በንጹሕ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ከዋጠ አታስመልሱት። መለያ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው የመድኃኒቱን ስም ነው።

## ተሻግሮ ከተገኘ

መጀመሪያ ምን እንደሆነ ለዩ። ቅጠል ከተጠቀለለ፣ ጫፉ ከጠበበ፣ ግንዱ በአንድ በሁለት ቀን ከተጣመመ ቱፎርዲ ነው። አዲሱ ቅጠል ከሳምንት በኋላ ቢጫ ሆኖ ከመጣ ራውንድ አፕ ነው። በቀፎ አፍ ላይ ንብ ከተከመረና የቀሩት ከተንቀጠቀጡ ፀረ ተባይ ነው። ቢጫ ቅጠል ሁሉ ግን የእናንተ አይደለም፤ ጉዳቱ ከወሰኑ ጀምሮ ወደ ውስጥ እየቀነሰ የሚሄድ ከሆነ ተሻግሯል፣ በየቦታው ተበታትኖ ከታየ በሽታ ወይም የውሃ ችግር ሊሆን ይችላል።

ጎረቤት ሳይመጣ እናንተ ሂዱ። ማሳውን አብራችሁ ዙሩ፣ በስልክ ፎቶ አንሡ፣ ምን ያህል መስመር እንደተነካ ቁጠሩ። የልማት ጣቢያውን ሠራተኛ ጥሩ። ማርከሻ ነው ተብሎ የሚሸጥላችሁን ነገር ላዩ ላይ አትርጩ፤ የቱፎርዲ ማርከሻ የለም። በመስኖ ያለ ከሆነ ውሃ ይጠጣ፣ ሁለት ሳምንት ይጠበቅ። አዲሱ ቅጠል ደኅና ሆኖ ከወጣ ሰብሉ ይድናል፤ አዲሱም ተጠቅልሎ ከወጣ ነቅሎ ስለ መዝራትና ስለ ካሣው በሽማግሌ ተነጋገሩ። ከተነካው ቲማቲም ወይም ጎመን በዚያ ጊዜ ለቤትም ለገበያም አይለቀም። ወሰን ላይ ያለው ጫት ከሆነም እንዲሁ፤ ጫት ሳይታጠብና ሳይበስል ስለሚቃም ባለቤቱ ለዚያ ሰሞን እንዳይቀነጥበው በግልጽ ንገሩት፤ የሚቀርበትንም ገቢ ካሣው ውስጥ አስቡለት።